ያላፈራው ቀንበጥ

ሰው ዶማ ተሸክሞ ሲሄድ ካየሁ ሳልጠይቅ አላልፍም። ክፉ አመል ነው፤ ሚስቴም «የሰው ጉዳይ ምን አገባህ?» እያለች ሁልጊዜ ትቆጣኛለች። ግን ያን ዕለት «ምን አገባኝ» ብዬ አልፌ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ የማወጋችሁ ነገር መጨረሻው የከፋ ይሆን ነበር።

አመሻሽ ላይ መድኃኒት ቤቴን ዘግቼ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ በመንገዳችን መታጠፊያ ላይ ከጋሽ ውሃልክ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ጋሽ ውሃልክ ግንብ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ሥራቸው አናጢነት ነው። «ውሃልክ» ደግሞ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው፤ የገዛ ወንበራቸው ላይ እንኳ ውሃ ልኩን አስቀምጠው መስተካከሉን ሳያዩ አይቀመጡም እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ሐሜት እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ እኔ ቤት እራት ተጋብዘው ሲመጡ ጠረጴዛዬን በአንድ ዓይናቸው ሲለኩት ቆዩና፣ ካርቶን አጥፈው ከአንደኛው እግሩ ሥር እስኪወሽቁ ድረስ ማንኪያ አላነሱም። ያን ዕለት ግን በእጃቸው የነበረው መጋዝም መላጊያም አይደለም፤ ዶማ ነው።

«ጋሽዬ፣ ምነው? አናጢነቱን ትተው ጉድጓድ ቆፋሪ ሆኑ እንዴ?» አልኳቸው።

«ተውሼው ነው» አሉ ቆም ብለው። «ነገ ጠዋት ያንን እሾህ ነቅዬ ልገላገለው ነው።»

«የትኛውን እሾህ?»

«ስንት እሾህ አለኝ? እንጆሪውን ነዋ!»

«ኧረ በሞቴ! የእትዬን እንጆሪ?»

«አዎ፣ የእሷን» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ወረደ። «ቦታውን የጣውላ መጠለያ አደርገዋለሁ። ልጅቷንም በዚሁ ሰሞን አክስቷ ጋ እልካታለሁ። አክስቷ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት፤ እዚያ ቆማ ትሽጥ። ተመርቃ ከመጣች ዓመት አለፋት፤ ቤት ተቀምጣ ከእሾህ ጋር ስታወራ ትውላለች። የማያፈራ ነገር በቃኝ!»

እንግዲህ አስቡት። አባት የቀረችውን አንድ ልጁን በአንድ ሳምንት ከእንጆሪ ጋር ነቅሎ ሊጥል ነው። ልጅቱም ክፉ ልጅ አይደለችም። ሰፈሩ «ምሩቋ» ይላታል፤ ስለ ዕፅዋት ተምራ በማዕረግ ጨርሳ የመጣች፣ ትሑት፣ ሳቂታ ልጅ ናት። እኔም ሆዴ አልችል ብሎ «ጋሽዬ፣ ለአንድ ሻይ ያህል ልግባና እናውራ» አልኳቸው። «ግባ፣ ምን ከለከለህ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ስለ እንጆሪው ጥቂት ካላልኩ ነገሩ አይገባችሁም። የጋሽ ውሃልክ ባለቤት፣ እኔ «እትዬ» እያልኩ የምጠራቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሙሽራ ሆነው ወደዚህ ሰፈር ሲመጡ ከወንዝ ዳር የነቀሉትን የዱር እንጆሪ ሥር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ሌላዋ ሙሽራ ሳህንና ብርጭቆ ስታመጣ የኛዋ እሾህ አመጣችልን ብለው አማቶቻቸው ሳቁባቸው። እንጆሪው ግን ከግንቡ ሥር ያዘ። አፈራ። ቀስ በቀስም በግንቡ ሥር ሾልኮ ወደ እኔ ግቢ ተሻገረ።

እኛ የዚህ ሰፈር ሰዎች ከእንጆሪ ጋር የተዋወቅነው ግን ከዚያም በፊት ነው። ልጅ ሳለን ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያለው ገደላገደል ሁሉ ቁጥቋጦ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ደብተራችንን ሸሚዛችን ውስጥ ወሽቀን ቁልቁል እንንደረደራለን። አጋም አለ፤ ጠቁሮ ሲበስል ማር ነው፤ ሳይበስል የቸኮለበት ግን ነጭ ወተቱ ከንፈርን ከከንፈር ያጣብቅበታል። ቀጋ አለ፤ ላዩን በጥርስ ገፎ መብላት ነው እንጂ ውስጡን የነካ ሰው ጉሮሮው ሲያሳክከው ያመሻል። እንጆሪው ደግሞ የሁሉም አለቃ ነው። ሲበስል ቀይነቱ ወደ ጥቁር ያደላል፤ ጣት ሲነካው ሸርተት ብሎ ይለቃል። ለእንጆሪ ሲባል ያልተቀደደ ሱሪ፣ ያልተቧጨረ ክርን አልነበረም።

ወደ ቤት ስመለስ እናቴ በር ላይ ትጠብቀኛለች። «የት ነበርክ?» ትለኛለች። «ትምህርት ቤት።» «ምን በላህ?» «ምንም።» «እስቲ ምላስህን አውጣ!» ምላሴን አወጣለሁ፤ ቀለም ውስጥ የተነከረ ይመስል ወይን ጠጅ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን ያደጋችሁበት ታውቁታላችሁ። ያ ገደል ዛሬ የለም። ተደልድሎ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር መጀመሪያ አፌ ውሃ ይሞላል፣ ቀጥሎ ደግሞ ዓይኔ። ምን ላድርግ፣ ሆደ ቡቡ ነኝ።

ወደ ጋሽ ውሃልክ ግቢ ስንገባ ምሩቋ ከአባቷ የሥራ ቦታ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቁጢጥ ብላ በባዶ የቀለም ጣሳዎች የተከለቻቸውን ችግኞች ታጠጣ ነበር። ግቢው ሰጋቱራና ኮላ ይሸታል። ጣውላው በግድግዳው ላይ በየልኩ ተደግፎ ቆሟል። ልጅቱ እኔን አይታ ሳቅ ብላ ተነሣች፤ ዶማውን ስታይ ግን ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«አባባ፣ እውነትዎን ነው እንዴ?»

«እኔ በዶማ ቀልጄ አላውቅም» አሉ ጋሽ ውሃልክ፣ ዶማውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በዓይናቸው ቀጥ ማለቱን እያዩ። «ጎረቤታችን ሊያማልድሽ መጥቷል መሰለኝ። በሉ እንነጋገር። ሰው ክፉ አባት ነው እንዲለኝ አልፈልግም።»

እኔ አጥር ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሻዩ መጣ። ከዚያ ጋሽ ውሃልክ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽና መልሽልኝ። እንጆሪ የዱር ነገር ነው። ወፍ ይዘራዋል፣ ዝናብ ያጠጣዋል፣ ልጅ ይለቅመዋል። አጋሙም ቀጋውም እንደዚያው። ሰው ለፍቶ ተምሮ፣ ተመርቆ፣ እሾህ በጣሳ ይተክላል? ይህን ለማድረግ ትምህርት ቤት መሄድ ያስፈልግ ነበር?»

«አባባ፣ እውነት ብለዋል፤ የዱር ነው» አለች በትሕትና። «ግን ዱሩ የታለ?»

«ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ...» ብለው ጀመሩ።

«እሱማ መኪና ማቆሚያ ሆነ። የወንዙ ዳርም ቤት ተሠራበት። እማዬ ይህን እንጆሪ የነቀለችበትን ቦታ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ የዘይት በርሜል ተደርድሮበታል። ወፍስ ከየት ለቅማ ትዝራ? እርስዎ በልጅነትዎ የበሉትን የዛሬ ልጅ በስሙም አያውቀው።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ» አልኩ እኔ ጣልቃ ገብቼ። የሳቀልኝ ግን አልነበረም።

«ባያውቀው ይሻለዋል!» አሉ ጋሽ ውሃልክ። «ባለፈው ያ የጫማ ሰፊው ልጅ ያገኘውን ፍሬ በልቶ ሲያስመልሰው አልዋለም? ከልክሎ ማሳደግ ነው የሚበጀው። ዱሮ እንኳ ወፍ የበላውን ሰው ይበላዋል ይባል ነበር፤ ልጁም ወፍ ሲበላው አይቶ ነው የበላው።»

እውነት ነው፤ ልጁን ይዘው የሮጡት ወደ እኔ ነበር፤ ወደ ሐኪም ቤት ያጣደፍኳቸውም እኔ ነኝ። ደግነቱ ተረፈ።

«አባባ፣ ጥፋቱ የቁጥቋጦው አይደለም፤ የዚያ አባባል ነው» አለች ምሩቋ፤ እዚህ ላይ ድምፅዋ ጠንከር አለ። «ወፍ በልታው ምንም የማትሆነውን ሰው ሲበላው የሚገድል ፍሬ አለ። የወፍ ሆድና የሰው ሆድ አንድ አይደለም። እስቲ እርስዎ በልጅነትዎ ደህናውን ከመርዛማው እንዴት ለዩት?»

«ታላቅ ወንድሜ ነዋ! የማይበላውን ስነካ እጄን በጥፊ ይለኛል።»

«የጫማ ሰፊውን ልጅ እጁን ማን መታው?»

ጋሽ ውሃልክ ሻያቸውን ፉት አሉ። እኔ ግን በልቤ እውነቷን ነው አልኩ። እኛ ከእኛ በፊት ከነበሩት እየተኮረኮምን ተማርን፤ ለተከታዮቻችን ግን ቁጥቋጦውንም ኩርኩሙንም አላወረስናቸውም። ልጅ የማያውቀውን ፍሬ አይንካ፤ ይህ ሕግ ነው። እንዲያውቅ ማድረግ ግን የኛ የትልልቆቹ ዕዳ ነው።

«እሺ፣ ይሁን» አሉ ጋሽ ውሃልክ። «ግን ማን ይገዛሻል? ሰው ዛሬ የሚያሠራው ግንብ ነው፤ በላዩ ጠርሙስ ይሰካበታል።»

«ጠርሙስ የተሰካበት ግንብ ማንን አበላ? አጋም አጥር ሲሆን ሌባ አያልፈው፣ ፍየል አትጥሰው፤ ደግሞም ያብባል፣ ሽታው መንገደኛ ያቆማል፣ ያፈራል። ግንብ በየዓመቱ ቀለም ይፈልጋል፤ አጋም የሚፈልገው መቀስ ብቻ ነው።»

«አጋምን የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ሲባል አልሰማሽም?»

«እኛ ቁልቋል አናስጠጋውማ!» አለችና ሳቀች። ጋሽ ውሃልክም ሳይወዱ ፈገግ አሉ። እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ሁለተኛ ሻይ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ።

«በቃ፣ ሁሉም ይሁንልሽ» አሉ። «በንግግር አሸንፈሽኛል። ይህኛው ግን አያፈራም! እናትሽ ከሞተች ወዲህ አንድ ሳህን ሞልቶ አያውቅም። እኔ ምን ያላደረግሁት አለ? ውሃ አላጠጣሁም? በየዓመቱ የለቀማው ጊዜ ሲያልፍ በገዛ እጄ አጸዳዋለሁ። ያበላንን ግንድ አንድም ቀን ነክቼ አላውቅም፤ ያበላን መቁረጥ ነውር ነው። ያላፈራውን አረንጓዴ ቀንበጥ ግን ባለውለታዎቹን እንዳይሻማ ከሥሩ ድምጥማጡን አጠፋዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል? እሷን ተከትሎ ሄደ እንጂ! ጠዋት ጠዋት መስኮት ስከፍት የማየው ያንን ደረቅ ነገር ነው። እሷ እንደ ሞተች በየቀኑ የሚነግረኝ እሱ ነው። አልቻልኩም፤ እሱን ነው የምነቅለው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሠራራቸው ለእኔም ልክ መስሎ ታየኝ። ያፈራን አክብሮ ያላፈራን ማስወገድ፣ ይህ ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ? ዞር ብዬ ምሩቋን ሳይ ግን ልጅቱ አመድ መስላለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ቃል ግን አይወጣትም። ይህችው እስካሁን አባቷን ስትረታ የነበረች ልጅ ናት።

«በእኔ በኩል ያለው ግን ጎብጦ እስኪወድቅ አፍርቷል» አልኩ ዝምታውን ለመስበር። ምነው ዝም ባልኩ! ጋሽ ውሃልክ በቁጣ ዞሩብኝ።

«ያንተማ! በየዓመቱ ሳህን ሞልተህ ትልክልኛለህ። እኔም በልቼ ሳህንህን ባዶውን አጥቤ እመልስልሃለሁ። የጎረቤትን ሳህን ባዶ መመለስ ደስ የሚለኝ መሰለህ? በሷ እጅ ተተክሎ ላንተ የሚታዘዘው ለምንድን ነው?»

«እንግዲህ እንክብካቤ ነው ጋሽዬ» አልኩ ኮራ ብዬ። «የሽሮፕ ጠርሙስ ያጠብኩበትን ውሃ አልፎ አልፎ ጠብ...»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ምሩቋ፣ «እርስዎ አንድ ቀን እንኳ ነክተውት አያውቁም። ደግሞም ያዳነው ይኸው አለመነካቱ ነው።»

ከዚያ ተነሣች። «አባባ፣ ይምጡ። ጋሼ፣ ጓሮዎን ያስገቡን።»

ጓሮዬ ለሰው የሚታይ አይደለም። የተሰባበረ የመድኃኒት ሣጥን፣ የተጣለ መደርደሪያ፣ ጎማ የሌለው ጋሪ፤ በዚህ የተነሣ ጎረቤቴን አንድም ቀን ወደዚያ አስገብቼ አላውቅም። ያን ዕለት ግን እምቢ የማልበት መንገድ አልነበረም። ልጅቱ ሣጥኖቹን እያነሳች መንገድ ከፈተችልን። ከግንቡ ሥር እንጆሪው ተንዠርግጎ ቆሟል። ፍሬው እሾሁን ሸፍኖታል። በየግንዱ ላይም የቀይ ሹራብ ክር ታስሯል።

«ይኼ ክር ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ውሃልክ።

«የእማዬ ሹራብ ክር ነው። ጀምራ የተወችው።»

ክሩን እኔም አስታወስኩት። አምና ልጅቱ ጓሮ ልግባ ብላኝ ፈቅጄላታለሁ፤ ክር ስታስር ሳያት ለዓይን የሚደረግ ነገር መስሎኝ «ይህንን ነው እንዴ የተማርሽው?» ብዬ ቀልጄባታለሁ።

«አባባ፣ አምና በዚህ ጊዜ ይኼ ክር ያለበት ሁሉ አረንጓዴ ቀንበጥ ነበር። አንድ ፍሬ አልነበረበትም። ጋሼ ምስክሬ ናቸው።»

«ነኝ» አልኩ። «ልምልም ያለ ባዶ ቀንበጥ ነበር።»

«ዘንድሮ ይዩት። እንጆሪ እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት ያድጋል ብቻ። በሁለተኛው ያፈራል። አፍርቶ ከጨረሰ በኋላ ያ ግንድ ይደርቃል፤ ቢለምኑትም አይሰጥም። መቆረጥ ያለበትም እሱ ነው። ያላፈራው ቀንበጥ...» አለችና ድምፅዋ ተቆረጠ።

ጋሽ ውሃልክ ጠጋ ብለው አውራ ጣታቸውን በክሩ ላይ አሳለፉ። ስንት ዘመን መላጊያ ያሻከረው ጣት ነው። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «እንግዲያው እኔ በየዓመቱ ስቆርጠው የኖርኩት የሚመጣውን ዓመት ፍሬ ነው» አሉ።

ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«አምና፣ እንደመጣሁ።»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ብዬ ልንገርዎት?» አለች፤ እንባዋ መጣ። «"የእማዬን እንጆሪ ያደረቁት እርስዎ ነዎት" ልበልዎት? እርስዎ እኮ ከማንም በላይ ሲንከባከቡት ነው የኖሩት። ይህን ከምነግርዎት አክስቴ ሱቅ ጨርቅ ስለካ ብኖር ይሻለኛል ብዬ ነው።»

ጋሽ ውሃልክ አንዱ ጎኑ በተሰበረ ጎባጣ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ልኩን አላዩም። እኔ ይህን ሰው ጎረቤት ሆኜ ባሳለፍኩት ዘመን ሁሉ፣ ልኩ ያልታየ ነገር ላይ ሲቀመጡ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

«እናትሽም ትቆርጠው ነበር» አሉ። «ያንን አሮጌውን። አንድ ቀን ደርሼባት ተቆጣኋት፤ ያበላሽን ትቆርጫለሽ፣ አታፍሪም? አልኳት። ሳቀችብኝ። "ደክሞት ነው፣ ይረፍ" አለችኝ። ማገዶ አጥታ ያደረገችው መስሎኝ ነበር።» እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «እሷ ሳትማር ታውቀው ነበር፤ አንቺ ተምረሽ አወቅሽው፤ መሃል ላይ ሆኜ የጨረስኩት እኔ ነኝ።»

«አልጨረሱትም አባባ! ሥሩ አለ። ዘንድሮም ከሥር አዲስ ቀንበጥ አውጥቷል፤ እኔ ነኝ ያየሁት። አይንኩት ብቻ። ለከርሞ ያፈራል።»

«እሺ። እንደዚያ ከሆነ እኔም አፍርቼ የጨረስኩ ግንድ ነኝ፤ ልቆረጥ ነዋ!» አሉ፤ ግማሹ ቀልድ ነው፣ ግማሹ ግን አልነበረም።

«እርስዎ ሥሩ ነዎት» አለች ልጅቱ። «ሥር አይቆረጥም።»

አይ ልጅ! ለምን ተማርሽ የሚላት ሰው ካለ መጥቶ ይህን ይስማ። ጋሽ ውሃልክ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩዋት። እስከ ዛሬ ያዩዋት አይመስሉም ነበር።

«አንቺንም ልቆርጥሽ ነበር» አሉ። «አንድ ዓመት አላፈራሽም ብዬ።»

«አንድ ዓመት ይጨምሩልኝ።»

«ላንቺ ነው ለእንጆሪው?»

«ለሁለታችንም።»

«ይሁን» አሉ። ከሣጥኑ ሲነሡም ዞር ብለው አዩትና፣ «ይኼ ነገር ጎብጧል፤ ነገ አምጣልኝ አቃናዋለሁ» አሉኝ። ያኔ ደህና እንደሆኑ ገባኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ከእንቅልፌ የነቃሁት በዶማ ድምፅ ነው። «ወይ ጉድ፣ ሽማግሌው ሐሳቡን ቀየረ!» ብዬ በነጠላ ጫማ እየተደናበርኩ ወጣሁ። ጋሽ ውሃልክ ግን ያሉት እንጆሪው ዘንድ አልነበረም። በመንገዱ በኩል፣ የድሮው የቆርቆሮ አጥራቸው በተነቃነቀበት ቦታ፣ ገመድ ወጥረው ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ምሩቋ የአጋም ችግኞቿን ከነጣሳቸው ደርድራ ከኋላቸው ቆማለች። ስጠጋ በየጉድጓዱ አፍ ላይ ውሃ ልክ ያስቀምጣሉ።

«ጋሽዬ፣ ጉድጓድም ልክ አለው እንዴ?»

«ልክ የሌለው ነገር የለም» አሉኝ። «አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ካለ ውሃው ለአንዱ ብቻ ያደላል። ይልቅ ቆመህ ከምትስቅ ያንን አካፋ ያዝ።»

ያዝኩ። የዚያን ቀን ሥራ የገባሁት ሱሪዬ ጭቃ እንደያዘ ነው።

ዓመቱ እንዴት እንደሄደ ሁሉንም አልዘረዝርም። የጣውላ መጠለያው የታሰበበት ቦታ የችግኝ ቦታ ሆነ፤ ጥላውን ጋሽ ውሃልክ ከቁርጥራጭ እንጨት ራሳቸው ሠሩላት። ድሮ ለቆሻሻ የሚጣለው ሰጋቱራ ሲበሰብስ ለእንጆሪው ሥር አፈር ማልበሻ ሆነ። የደረቁትን አሮጌ ግንዶች የቆረጧቸው ራሳቸው ናቸው፤ ልጅቱ ልርዳዎት ብትል እምቢ አሉ። በግንቡ በኩል ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር፤ እያንዳንዱን ሲቆርጡ «አብልተሃል፤ ይበቃሃል፤ እረፍ» ይሉታል። አረንጓዴዎቹ ላይ ደግሞ ቀይ ክር አሰሩ። እትዬ ጀምረው የተዉት ሹራብ እዚያ ላይ አለቀ።

የተጠራጠሩት ሁሉ ዛሬ ችግኝ ገዢዎች ናቸው። መጀመሪያ የመጣው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጫማ ሰፊው ነው። «ልጄ ደህናውን ከመጥፎው ይለይበት» ብሎ አጋምና ቀጋ ወሰደ። ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መጣች፤ አሁን የትምህርት ቤቱ አጥር በእንጆሪ ተከቧል፤ ልጆቹንም ምሩቋ በሳምንት አንድ ቀን እየሄደች የሚበላውንና የማይበላውን በስሙ ታስጠራቸዋለች። የማያውቁትን አይቀምሱም፤ ቅርንጫፍ አይሰብሩም፤ ከላይ ያለውን ለወፍ ይተዋሉ። በመንገዳችን ላይ ጠርሙስ የተሰካበት ግንብ ለማሠራት የተዘጋጁ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬ በራቸው ላይ አጋም ያብባል፤ ንብም ተመልሷል። ልጅቱም የማንም ጨርቅ ሳትለካ በሙያዋ ትኖራለች። እኔ እንግዲህ ፋርማሲስት ነኝና ይህን ብቻ እመክራችኋለሁ፤ ያላፈራውን ለመቁረጥ አትቸኩሉ፤ ዓመቱ ደርሶ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ዱሩ ከሄደብን ደግሞ ጥቂቱን ወደ ደጃችን እንጥራው፤ እምቢ አይልም።

የከርሞው ለቀማ የደረሰ ዕለት በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ ውሃልክ ናቸው፤ የእኔን ሳህን ይዘዋል። ሳህኑ እስከ አፉ በእንጆሪ ተሞልቷል።

«እንካ» አሉኝ። «ስንት ዓመት ባዶውን መልሼልሃለሁ። የመጀመሪያው ለቀማ ነው። እኔ አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም፤ ጎረቤት ሳይቀምስ አይሆንም ብዬ።»

ትኩር ብዬ አየኋቸው። የከንፈራቸው ጥግ አላማረኝም።

«ጋሽዬ!»

«አቤት።»

«እስቲ ምላስዎን ያውጡ።»

ግራና ቀኝ መንገዱን አዩ፤ ሰው አለመኖሩን ሲያረጋግጡ ምላሳቸውን አወጡ። ወይን ጠጅ ነው! ሳቅን፤ እሳቸው የበሩን መቃን ይዘው እስኪንገዳገዱ፣ እኔም ሳህኑ ከእጄ ሊያመልጥ እስኪደርስ ሳቅን። ከዚያ በእጅጌያቸው ዓይናቸውን ጠረጉና «ጣዕሙ ያው የሷ ነው» አሉ በቀስታ። እዚያው በር ላይ ቆመን አንድ በአንድ እያልን ሳህኑን ጨረስነው።

ሚስቴ ከውስጥ ተጣራች፤ «ከማን ጋር ነው የምታወራው? ምን እየበላችሁ ነው?»

«ምንም!» አልን ሁለታችንም ባንድ አፍ።